ከሺህ ሁለት መቶ ሁለት

ዌልቦርን፣ አዮዋ
ኤፕሪል 29 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ ለዲዮሜዴስ፣

ከሁሉ በፊት ቡራኬዎን እለምናለሁ። እርስዎ፣ አክስቴ ኦፌሊያ፣ ፀጉር ቤቱ፣ የሳንታ ኤልቪራ ሰው በሙሉ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ኤፕሪል እያለቀ እዚህ ሰው ጓንት አጥልቆ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነው ጨዋታ የሚያየው። ትናንት ቤዝቦል ስንጫወት ዱላዬ ኳሱን ሲያገኘው እጄ እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። ከነፍሴ እስክታረቅ አንደኛው ማረፊያ ላይ ቆሜ ጣቶቼ ላይ ስተነፍስ ቆየሁ።

አሰልጣኛችን ሚስተር ሃልቨርሰን ይባላሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ ልጣጩን ይተፋሉ፣ ብዙም አይናገሩም። ግን እኔን ወደውኛል መሰለኝ፣ ቡድናችን ሊመታ ሲወጣ መጀመሪያ የሚልኩት እኔን ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ማረፊያው ላይ እገኛለሁ። ወርዋሪው አራት ጊዜ ኳሱን ከመስመር ያወጣብኛል፤ እኔ ዱላዬን አላነቃንቅም፤ ዳኛው በነፃ ሂድ ይለኛል፤ እሄዳለሁ። ከእኔ በኋላ ያሉት ይመቱና ያስገቡኛል። ባለፈው ሳምንት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ ሄጃለሁ።

ለአክስቴ ጫማ ልኬያለሁ። ቁጥሩን በግምት ነው የገዛሁት፤ ከጠበባት ሳታፍር ትንገረኝ። ለእርስዎስ ምን ልላክ? የሸንኮራ አገዳ ቆረጣው አለቀ ወይስ የስኳር ፋብሪካው አሁንም ያጨሳል?

ያሳደጉት ልጅዎ፣
ሌኦኒዳስ

*

ሳንታ ኤልቪራ
ሜይ 21 ቀን 1984

ለምወድህ ልጄ ለሌኦኒዳስ፣

እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ድንግል ማርያም በመንገድህ ሁሉ ትቅደምልህ፣ ከክፉ ሰው ከክፉ ብርድ ትሰውርህ። እኛ ደህና ነን። ፋብሪካው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ እኔ ቤት ዶሚኖ ሲያንኳኳ ይከርማል። ጫማው ለአክስትህ ልክክ ብሏል። እሁድ ለቅዳሴ አድርጋው ሄዳ ሰው እንዲያይላት ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ ወጥታ ገባች።

ደብዳቤህን እንደ ልማዴ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ደንበኛዬ ቹቾ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ግማሽ ፊቱን ላጭቼለት ግማሹ ገና በአረፋ እንደተሸፈነ ነው። «ዘጠኝ ጊዜ ሄጃለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘና፣ «ቆይ ቆይ ዲዮሜዴስ፣ ይሄን ልጅ የላክነው ለመቺነት ነው ለፖስተኛነት?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስምህ እዚህ «ፖስተኛው» ሆኗል። ልጆቹ ሳይቀሩ በደጄ ሲያልፉ «ፖስተኛው ዛሬስ ስንት ሰፈር አዳረሰ?» ይሉኛል።

ቹቾ የሚያወራው አለው፤ የክርስትና ልጁ ራዳሜስ ፍሎሪዳ ውስጥ 319 እየመታ ነው፤ ከሺህ ሙከራ ሦስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ምት። ያየውን ሁሉ ነው የሚመታው፣ መሬት የነካውን ኳስ እንኳ አይምርም። ሰኞ ሰኞ ከዋና ከተማው ጋዜጣ ሲመጣ የልጆቻችንን ቁጥር ሰሌዳዬ ላይ በጠመኔ እንደምጽፍ ታውቃለህ። ያንተ ስም ከስድስቱ ልጆች ጋር አለ። ጋዜጣው ምን እንደሚል ግን ላንተም አይጠፋህም። 202። ከሺህ ሁለት መቶ ሁለት። ልጄ፣ ታመህ ነው? ዓይንህን አሞህ ነው? ካመመህ እውነቱን ንገረኝ።

ለእኔ ምን ልላክ ላልከው፣ ገንዘብ አትላክልኝ። ምት ላክልኝ።

አጎትህ፣
ዲዮሜዴስ

*

ዌልቦርን
ጁን 10 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ፣

ቡራኬዎን እለምናለሁ። አልታመምኩም፣ ዓይኔም ደህና ነው። እንዲያውም ሚስተር ሃልቨርሰን ከሌላው ሁሉ የሚያደንቁልኝ ዓይኔን ነው።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ላስረዳዎት፤ ሲያነቡት እባክዎ ብቻዎን ይሁኑ። ጋዜጣው ላይ ያለው ቁጥር በነፃ የሄድኩበትን ጭራሽ አይቆጥርም። አልሞከርኩም፣ አልነበርኩም ማለት ነው በጋዜጣው ዓይን። ሚስተር ሃልቨርሰን ግን የራሳቸው ደብተር አላቸው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የሚቆጥሩት ማን መታ ብለው ሳይሆን ማን ማረፊያው ላይ ደረሰ ብለው ነው። ባለፈው ሰኞ ጠርተው አሳዩኝ። እስካሁን መቶ አርባ ጊዜ ለመምታት ወጥቻለሁ። ሃያ አንዱን መትቼ ደረስኩ፤ ሠላሳ አምስቱን በነፃ ሄድኩ፤ አንዴ ኳሱ ጎኔን መታኝና ማረፊያውን ሰጡኝ። ሃምሳ ሰባት ጊዜ ማለት ነው። ከመቶው ከአርባ ጊዜ በላይ። በቡድኑ ውስጥ እኔን የሚበልጥ የለም፤ የቡድኑ ትልቁ መቺ እንኳ ከመቶው ሠላሳ ስድስት ጊዜ ነው የሚደርሰው።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ እኩል ለእኩል ሆነን የመጨረሻው ዙር ላይ ሦስቱም ማረፊያዎች ሰው ሞላባቸው። ተራው የእኔ ነው። ወርዋሪው ላብ አጥምቆታል። አንድ ወደ ውጭ፣ አንድ መሬት፣ አንድ ሊነካ የቀረበ ግን ያልገባ፣ አራተኛው ከጭንቅላቴ በላይ። ዱላዬን አስቀምጬ ሄድኩ፤ ሁሉም አንድ አንድ ማረፊያ ተገፉና ሦስተኛው ላይ የነበረው ወደ መነሻው ገብቶ ነጥብ ሆነ፣ አሸነፍን። ልጆቹ ተሸከሙኝ። ሳልመታ ነው የተሸከሙኝ፣ አጎቴ። ሚስተር ሃልቨርሰን ወደ መኪናው ስንሄድ «እንዲሁ ቀጥል፤ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ላይኛው ሊግ እልክሃለሁ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ባያነቡት ደስ ይለኛል።

ልጅዎ ሌኦኒዳስ

*

ሳንታ ኤልቪራ
ጁን 27 ቀን 1984

ሌኦኒዳስ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንዳልከው ብቻዬን አነበብኩት። ባትነግረኝም ለማንም አላነበውም ነበር።

ሽማግሌው አሜሪካዊ የፈለገውን ይቁጠር። እዚህ ሰው የሚቆጥረው ምት ነው። አራት ዓመት ሙሉ የደንበኛ ጉርሻ እያጠራቀምኩ ዱላና ጫማ የገዛሁልህ፣ እዚያ ሄደህ ዱላውን ትከሻህ ላይ ተሸክመህ ቆመህ ሌላው ሰው እስኪሳሳት እንድትጠብቅ አይደለም። ለማኝ ነው እንዲህ ቆሞ የሚጠብቀው። ከዚህ አገር ወደ ሰሜን የሄደ ልጅ ሁሉ እየመታ ነው የሄደው። ሳልመታ ተሸከሙኝ አልከኝ፤ እኔ ብሆን ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ፀጉር ቤቱን ስከፍት ማን ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ነው። በዚህ ዕድሜዬ። ሰው እንዳያገኘኝ በፋብሪካው ኋላ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው። እውነቱን ልንገርህ፣ አፍሬብሃለሁ።

ኳሱ ሲመጣ ምታው። ሌላ የምልህ የለኝም።

ዲዮሜዴስ

*

ዌልቦርን
ጁላይ 15 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ፣

ቡራኬዎን እለምናለሁ። በባለፈው ደብዳቤዎ ላይ ቡራኬ አልነበረም። ወረቀቱን ገለበጥኩት፣ ፖስታውን ቀድጄ ውስጡን አየሁ፤ ምናልባት ቸኩለው ነው ብዬ ተውኩት። ወደ እርስዎ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ጊዜ ቡራኬዎን ነፍገውኝ አያውቁም። በትንሽ ጥፋት ሲገርፉኝ እንኳ ከገረፉኝ በኋላ ይባርኩኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ከጎረቤት ከተማ ቡድን ጋር ተጫወትን። የእነሱ ኳስ ያዥ ቴዎፊሎ የሚባል የእኛው አገር የሳን ፔድሮ ልጅ ነው። ልመታ ስቆም ከኋላዬ በስፓንኛ ያወራኛል፤ ሊያዘናጋኝ ነው። «አንተ የሳንታ ኤልቪራ ልጅ አይደለህም? አያቴ ሞተው ለቀብር ስሄድ እዚያ ፀጉሬን ተስተካክዬ ነበር። ፀጉር ቤቱ ሰሌዳ ላይ ስምህን አየሁ። 306 ይላል። እዚህ 206፣ እዚያ 306፤ ወንድሜ፣ ባሕሩን ስትሻገር መቶ ይጨመርልሃል ማለት ነው?» አለኝ። ዳኛው ምን እንዳወራን ጠየቀ። እኔ ሳቅ ብዬ አለፍኩት።

አጎቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እመታለሁ። የመጣውን ሁሉ እመታለሁ። እርስዎ አይጨነቁ፤ በፋብሪካው ኋላም አይዙሩ፤ ጉልበትዎን ያምዎታል፣ መንገዱም ጭቃ ነው።

ልጅዎ ሌኦኒዳስ

*

ሳንታ ኤልቪራ
ኦገስት 6 ቀን 1984

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለኩራቴ፣ ለልጄ ለሌኦኒዳስ፣

እግዚአብሔር አብዝቶ ይባርክህ፤ እጅህን ይባርክ፣ ዱላህን ይባርክ፣ የምትበላውን የምትጠጣውን ይባርክ። ያለፈው ጊዜም ተደርቦ ይድረስህ፤ ያን ለታ ሆድ ብሶኝ ነበር፣ የሽማግሌ ነገር ነው፣ እርሳው።

239። ጋዜጣውን ሳየው ሁለቴ መነጽሬን ጠረግኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ206 ተነስተህ። ባለፈው ሰኞ በአንድ ጨዋታ ሦስት ምት ብሎ ስምህን ለብቻው አወጣው። አክስትህ ሙዝ ቀቅላ ደፍጥጣ ማንጉ ሠርታ ለጎረቤት አደለች። ቹቾን ቁጭ አድርጌ በነፃ ላጨሁት። «ፖስተኛው ሥራ ለቀቀ» አልኩት፤ አፉን እንደያዘ ወጣ። አሁን በፊት ለፊት መንገድ ነው የምሄደው፤ እንዲያውም ሳያስፈልገኝ እመላለሳለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ዱላህን ይዘህ ፎቶ ተነሳና ላክልኝ፣ ትልቅ ይሁን፣ መስታወቱ አጠገብ እሰቅለዋለሁ። የቡድንህ ኮፍያ ካለም ሁለት ላክ፤ አንዱን ለቹቾ ነው የምሰጠው፤ ሲያደርገው ማየት እፈልጋለሁ።

ያ ቴዎፊሎ ያልከው ልጅ የሚያወራውን አትስማ። ሰው ብዙ ያወራል።

የሚኮራብህ አጎትህ፣
ዲዮሜዴስ

*

ሳንታ ኤልቪራ
ሴፕቴምበር 3 ቀን 1984

ለምወድህ ልጄ፣

እግዚአብሔር ይባርክህ። መልስ አልመጣልኝም። ፎቶውም አልመጣም፤ እሱ ይቅር። ሁለት ሰኞ ሆነ፣ ጋዜጣው ላይ ስምህ የለም። የመጀመሪያው ሳምንት የማተሚያ ስህተት ነው አልኩ። ዛሬ ግን የራዳሜስ አለ፣ የሌሎቹም አለ፣ ያንተ የለም። ተጎድተህ ነው? አክስትህ ሌሊቱን ትገላበጣለች። ወደ ላይኛው ሊግ ወጥተህ ከሆነም ንገረን። አንድ መስመር ጻፍልኝ፣ አንድ ቃል ብቻ።

ዲዮሜዴስ

*

ዌልቦርን
ሴፕቴምበር 16 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ፣

ቡራኬዎን እለምናለሁ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ኦገስት 19 ቀን ከቡድኑ ተሰናብቻለሁ። አልተጎዳሁም። ሚስተር ሃልቨርሰን ቢሮ ጠሩኝና ደብተራቸውን ገለጡ። ባለፈው አንድ ወር መቶ ሃያ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ። ሠላሳ አራቱን መትቻለሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ መትቼ አላውቅም። በነፃ የሄድኩት ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ማረፊያው ላይ የደረስኩት ከመቶው ሠላሳ ጊዜ ማለት ነው፤ ድሮ ከአርባ በላይ ነበርኩ። ወርዋሪዎቹም ነቁብኝ፤ ጥሩ ኳስ መስጠት አቆሙ፤ እኔም መሬት የሚልሰውን ሳይቀር እያሳደድኩ ስመታ በቀላሉ ይይዙኛል።

«እንደ አንተ የሚመታ ልጅ ከየሰፈሩ ላስመጣ እችላለሁ» አሉኝ። «እንደ አንተ የሚጠብቅ ግን አልነበረኝም። ጁላይ ላይ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቅኩህ። ማን ነው ምታ ያለህ?» ማንም አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ። ማንም አልኩ። ከዚያ እጄን ጨብጠው የአውሮፕላን ትኬት ሰጡኝ። የሱፉን ልጣጭ መትፋት ትተው ነበር፤ እሱን አይቼ ነው እንባዬ የመጣው።

ትኬቱ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው። መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ፤ ባለቤቷ ሴትዮ ደግ ናት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ አልጋ ሰጥታኛለች። አጎቴ፣ አሁን ወደ ቤት መምጣት አልችልም። ከአውቶብሱ ወርጄ በእርስዎ ደጅ እንዴት አድርጌ አልፋለሁ? ለሰው ወደ ላይኛው ሊግ ወጣ ይበሉ፤ ወይም የመሰለዎትን ይበሉ። አክስቴን ግን እንዳያታልሏት።

ሌኦኒዳስ

*

ሳንታ ኤልቪራ
ሴፕቴምበር 30 ቀን 1984

ልጄ ሌኦኒዳስ፣

እግዚአብሔር ይባርክህ። ይሄን ቃል ለመጻፍ እንኳ አፍሬ ብዙ ቆየሁ።

ደብዳቤህን ስጨርስ ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። ያንተ ስም አጠገብ 339 ይላል፤ በእኔ እጅ የተጻፈ። ከሜይ ጀምሮ ነው። የመጀመሪያውን ሰኞ 202 ብዬ ልጽፍ ጠመኔውን አንስቼ ቹቾ በመስታወቱ ሲያየኝ አየሁት፤ እጄ በራሱ 302 ጻፈ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ መቶ እጨምር ነበር። ሌላው ሰው እንዳያየው የጋዜጣውን የስፖርት ገጽ ቀድሜ እቀድና ምላጭ እጠርግበታለሁ። አረፋና ፀጉር የተለደፈበትን ወረቀት ማን አንስቶ ያነባል? የልጄን ስም በሰው ጺም ስጠርግ ከረምኩ።

ቴዎፊሎ ያየውን ስትጽፍልኝ እንደነቃህብኝ ገብቶኝ ነበር። አንተ ግን ለምን ዋሸህ አላልከኝም፤ «እመታለሁ» ብቻ አልከኝ። ለምን እንደመታህ አሁን ነው የገባኝ። የእኔን ውሸት እውነት ልታደርግልኝ ነው። ኦገስት ላይ ኮፍያ ላክ ብዬ የጻፍኩልህ አንተ እዚያ ስትወድቅ ነው።

ደግሞ ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርህ። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አንተም ልጅ ስለነበርክ ምክንያቱን አታስታውሰው ይሆናል። እናትህ ሞታ ወደኔ የመጣህ ጊዜ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነህ፣ አንድ ኳስ ብቻ ነበረን። እኔ እወረውራለሁ፣ አንተ በመጥረጊያ እንጨት ትመታለህ። ፊት ለፊት ከመታኸው ወደ ባቡር ሐዲዱ ይሄዳል፣ ሮጠህ ታመጣዋለህ። መጥፎውን ኳስ ከነካኸው ግን ወደ ጎን ይፈተለክና ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ውኃ ይወስደዋል። ሌላ መግዣ አልነበረኝም። ስለዚህ በየቀኑ እጮህብህ ነበር፤ «መጥፎውን ተወው፤ ጥሩው እስኪመጣ ጠብቅ፤ አትንካው።» መጥፎ ኳስ የነካህ ለታ እራትህን እቀንስብህ ነበር። አንድ ኳስ አራት ዓመት ቆየ። ሽማግሌው አሜሪካዊ ያደነቀልህን ዓይን የሰጠሁህ እኔ ነኝ፤ በድህነቴ። ከዚያ ቹቾ ስለሳቀብኝ ብዬ መልሼ አወጣሁብህ።

ትናንት ቅዳሜ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ምላጩን አስቀመጥኩና ሰሌዳውን በጨርቅ ጠረግኩት። 239 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው፤ መቶ እጨምር እንደነበር፣ ገጹን እቀድ እንደነበር፣ አንተ ከቡድኑ እንደወጣህና ያስወጣሁህ እኔ እንደሆንኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ቹቾ ከወንበሩ ተነስቶ ሳይላጭ ወጣ። ደጁ ላይ ቆም ብሎ፣ «ዲዮሜዴስ፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነበር» አለኝ። ዛሬ ለዶሚኖም አልመጣም።

ለአክስትህ ከእነሱ በፊት ነግሬያታለሁ። ሁለት ቀን ሆናት ካነጋገረችኝ።

ከዚህ ጋር ሌላ የታሸገ ደብዳቤ አለ፤ ለሚስተር ሃልቨርሰን ነው። እንግሊዝኛ የሚጽፍልኝ አጥቼ በራሳችን ቋንቋ ጽፌዋለሁ፤ እዚያ የሚያነብለት ሰው አይጠፋም። አንተ ወስደህ ስጠው እንጂ አትክፈተው። «ማንም» ያልከው እኔ መሆኔን እንዲያውቅ ነው የፈለግኩት። መልሶ ባይወስድህም ይወቀው።

ልጄ፣ ና ብዬ አላዝህም። ትዕዛዝ ከዚህ በኋላ ከአፌ አይወጣም።

ዲዮሜዴስ

*

ዌልቦርን
ኦክቶበር 14 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ፣

ቡራኬዎን እለምናለሁ። የዛሬው ልመናዬ ግን እንደ ወትሮው አይደለም፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ።

ደብዳቤውን ሳልከፍት ወሰድኩት። ሚስተር ሃልቨርሰን ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፖስታውን ቀደው አዩትና መልሰው ለእኔ ሰጡኝ። «እኔ ስፓንኛ አላውቅም። በዚህ ከተማ ስፓንኛ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ። አንብብልኝ» አሉኝ።

ማንበብ ጀመርኩ። የእርስዎን ቃል በእኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እያዞርኩ፤ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ምላጩ፣ ስለ አንዱ ኳስ። «ጨዋ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ከዚያ ቀጥሎ «አፈርኩበት፤ እርሱ ሊያፍርብኝ ሲገባ እኔ አፈርኩበት» የሚል ነበር። እዚያ ላይ ቆምኩ። ልዘለው አሰብኩ። ሚስተር ሃልቨርሰን አስተዋሉኝና «ምን ይላል? ቀጥል» አሉኝ። ቃል በቃል፣ እንዳለ ነገርኳቸው።

ከበረንዳው ተነሱ። ከዚያ ቤት ገብተው ዱላና አንድ ባልዲ ኳስ ይዘው ወጡ። ከቤቱ ኋላ በቆሎው ታጭዶ ሜዳ ሆኗል። በራሳቸው እጅ ይወረውሩልኝ ጀመር፤ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሃያ ኳስ ወረወሩ። ስምንቱን መታሁ፤ አሥራ ሁለቱን ተውኩ። ከተውኳቸው አንዱን እንኳ ተሳስተሃል አላሉኝም። ኳሱን አብረን ስንለቅም፣ «ማርች ላይ ና። አንድ ወር አይሃለሁ፣ ቃል አልገባልህም። አንድ መጥፎ ኳስ ስታሳድድ ካየሁህ ራሴ አውቶብስ ላይ አሳፍርሃለሁ» አሉኝ። ሳይጨርሱ እሺ አልኩ። ለአጎቴ ምን ልበላቸው ብዬ ስጠይቃቸው፣ «በደንብ አስተምረውሃል በላቸው» አሉኝ።

አሁን ያልነገርኩዎትን ልንገርዎት። እርስዎ ሁሉንም አውጥተው ነግረውኝ እኔ ደብቄ እርስዎ ፊት መቆም አልችልም።

ጁላይ ላይ ያ ቴዎፊሎ ስለ ሰሌዳው ሲያወራኝ ሳቅ ብዬ አለፍኩት ብዬ ጽፌልዎት ነበር። ውሸት ነው። የእነሱ ቡድን ሁሉ ሰብሰብ ብሎ ይስቅ ነበር፤ አንዱ ለሌላው ይተረጉማል። ቴዎፊሎ፣ «ያ ውሸታም ፀጉር አስተካካይ ምንህ ነው? ዘመድህ ነው?» አለኝ። «አይደለም» አልኩ። «ታዲያ ለምን ይዋሽልሃል?» አለኝ። «ሰውየውን አላውቀውም» አልኩት። እንዲህ ብዬ ተናግሬ፣ ዱላዬን አንስቼ፣ የመጀመሪያውን መጥፎ ኳስ መታሁ። ለእርስዎ ብዬ የመታሁ መስሎዎት ነበር። ያን ቀን የመታሁት አፌ ያወጣውን ቃል ላለመስማት ነው።

አሳድገውኝ፣ አብልተውኝ፣ አስተምረውኝ፣ አላውቀውም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቡራኬዎን በለመንኩ ቁጥር እንደ ሌባ ነው የምለምነው። መምጣት አልችልም ያልኩዎት ከቡድኑ ስለተባረርኩ ብቻ አይደለም።

ትኬቱን ለቅዳሜ ኦክቶበር 27 አስቀይሬዋለሁ። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገባው። ይሄን አንብበው ሊቀበሉኝ ከፈለጉ ይምጡ። ካልፈለጉም አልቀየምዎትም፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።

ሌኦኒዳስ